ልብሱ ሳይደርቅ የሚቆም ማድረቂያ

የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሽቅብ በወጣባቸው ዓመታት ካልጋሪ ውስጥ ሥራ ያጣ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር፤ ከዚያ የሚከብደው ግን ሥራ የሚሠራልን ሰው ማግኘት ነበር። ቧንቧ ሠሪውም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ በር ገጣሚውም ወደ ሰሜን ወደ ዘይቱ ካምፖች ሄዶ፣ ከተማው ውስጥ የቀረነው በየቢሮው ወንበር ላይ በተለመደው ደመወዛችን የተቀመጥን ሰዎች ነበርን። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ መርማሪ ነበርኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ሥራዬ አንድ ሰው ተበደልኩ ብሎ ሲመጣ የሆነውን ነገር ሆነ ከተባለው ነገር መለየት ነበር። መርምሬ ያቀረብኩት የውሳኔ ሐሳብ በይግባኝ የተመለሰበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ቀጥዬ የማወጋው ምርመራ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ምርመራዎች ሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ በመሆኑ ነው።

ፓይንሪጅ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን አሮጌ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ልጆቻችን አድገው ከወጡ በኋላ ምድር ቤቱን፣ ቤዝመንቱን፣ ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት አከራየነው። ባልየው ሰሜን ካምፕ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ለሳምንታት ይጠፋና ለጥቂት ቀናት ብቅ ይላል። ሚስቲቱ ብርዱ በጠናበት ወር ሴት ልጅ ወለደች፤ እናቷም ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። እኔና ባለቤቴ እማማ እንላቸው ነበር። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ፣ ሲቀመጡ ጀርባቸውን ወንበር የማያስነኩ ሴት ነበሩ። በሰፈራቸው አራስ በተገኘበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው እንደነበሩ ከልጃቸው ሰምተናል። እሳቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዘው መጥተው ሳለ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ በአንድ ከእጃቸው እየወጣ ሄደ። ለጥየቃ የመጣችው ነርስ ሕፃኗ ከጡት በቀር ምንም እንዳትቀምስ አለች፤ እማማ አዘጋጅተውት የነበረው ቅቤ ወደ ፍሪጅ ተመለሰ። ነርሷ ልብስ አይደራረብባት አለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣው መጠቅለያ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ገንፎ ሊያገነፉ ማሰሮ ሲጥዱ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸባቸው፤ ሕፃኗም ነቃች። ልጃቸው ክፉ አልነበረችም። እንቅልፍ ያጣች፣ ባሏ የራቀባት፣ ነርሷ የነገረቻትን አንዲት ቃል እንዳትስት የምትጨነቅ የበኩር እናት ነበረች። እናቷን ስታርም ግን ልክ ለሥራ አዲስ የገባ ሰው እንደሚታረመው ነበር።

ለእማማ የቀረላቸው ሥራ አንድ ነበር፤ የሕፃኗን ልብስ ማጠብና ማድረቅ። የልብስ ማጠቢያውና ድራየር የምንለው ማድረቂያው ከመኝታ ክፍላቸው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ድራየሩ ሥራውን ጨርሶ ሲቆም እማማ ልብሱን ገና እንደሞቀ ያወጡና ጉልበታቸው ላይ እየዘረጉ በመዳፋቸው እየዳበሱ ያጣጥፉት ነበር። ካውያ የነካው ይመስል ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን አይታ፣ የእኛንም ሸሚዞች ወደ ታች ለማውረድ እንደተፈተነች ነግራኛለች።

ከዚያም ድራየሩ ልብሱን ሳያደርቅ መቆም ጀመረ።

ደረጃው ላይ ሆኜ የሰማሁት ንግግር እንዲህ ይል ነበር።

"እማዬ፣ አውቶ ላይ አድርጊው ብዬሻለሁ እኮ።"

"እሱ ላይ ነው ያደረግኩት።"

"ታዲያ ለምን እርጥብ ሆነ? የሆነ ነገር ነክተሻል።"

"አንዱን ነው የነካሁት፣ ያሳየሽኝን። ሌላውን ምኑን አውቄው እነካዋለሁ?"

"ትናንትም እንደዚሁ ነው ያልሽው። ኖ፣ ተዪው በቃ። ላውንደሪውን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ አደርገዋለሁ። አንቺ እረፊ።"

እማማ ውቅያኖስ የተሻገሩት ለማረፍ አልነበረም። ልጅቷ ገና ወገቧ ሳይጠና ቅርጫት ተሸክማ ስትመላለስ እሳቸው የክፍሉ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ድራየሩ ደግሞ ለልጅቷም አልታዘዘም፤ እሷ ግን እናቷ ቀድመው አበላሽተውታል ብላ ደመደመች።

በማግስቱ እማማ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ባለቤቴ ዘንድ ተቀመጡና፣ የመመለሻ ቲኬታቸውን ቀን እንድታስቀይርላቸው ለመኑ። የአየር መንገዱን ወኪል በስልክ ማነጋገር አይችሉም፤ ልጃቸውን መጠየቅ ደግሞ አልፈለጉም።

"ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሊሄዱ?" አለች ባለቤቴ።

"የክርስትናው ፎቶ ይላክልኛል። ልጄ የእኔንም ሥራ ደርባ እየሠራች ነው። እንግዳ ሆኜ ከምቀመጥባት ልሂድላት።"

ማታ ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ ሾርባዬን እየጠጣሁ ነበር። "ያንን ማሽን ካልሠራኸው ሴትዮዋ ይሄዳሉ" አለችኝ።

"ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ ልጅቷ?"

"አንተ ማሽኑን ሥራ። ልጅቷን ለእኔ ተዋት።"

ወደ ጥገና ቤቶች ደወልኩ። አንደኛው ስልክ አይነሣም። ሌላኛው ያነሣው ሰውዬ መኪና እየነዳ ይመስለኛል፤ ድራየር ስለው ከልቡ ሳቀና፣ ከፋሲካ በኋላ ሞክር አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት የእጅ ባትሪና መፍቻ ይዤ ወደ ታች ወረድኩ።

"ኮሚቴ ሳታቋቁም ልትጀምር ነው?" አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

በመሥሪያ ቤት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩን ቢፈታው እንኳ ምን እንደፈታው አያውቅም። ስለዚህ ከቀላሉ ጀመርኩ። ከልብሱ የሚረግፈውን ብናኝ የሚይዘውን ወንፊት መዝዤ አየሁት፤ ንጹሕ ነበር፤ እማማ አጥበውት ኖሮ ቅንጣት ብናኝ አልነበረበትም። ከዚያ ማጠቢያው ልብሱን በደንብ ጨምቆ እንደሚያወጣ ለማየት አንዲት ፎጣ ጠመዘዝኩ፤ ጠብታ አልወጣትም። ጭነቱ በዝቶበት እንደሆነ ብዬ ግማሹን አስወጥቼ አስነሣሁት። ማድረቂያው ጥቂት ዞሮ ቆመ፤ ልብሱ ያው እርጥብ ነበር።

እማማ ሕፃኗን ታቅፈው በበሩ በኩል ሲያልፉ መሬት ላይ ተንበርክኬ አገኙኝ።

"ይህን ያህል የሚያስለምን ከሆነ ገመድ ዘርጉልኝ" አሉ። "ገመድን ለምኜ አላውቅም።"

ልብሱን ሳወጣ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እርጥብ ይሁን እንጂ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ነበረው። የክፍሏ ትንሽ መስኮትም በእንፋሎት ተሸፍኖ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ሙቀት አላጣም። የሞቀው አየር ነው የሚወጣበት ያጣው።

የእኛ ድራየር አሮጌ ነበርና አውቶ ላይ ሲደረግ የሚለካው የልብሱን እርጥበት ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ነው። ልብስ እርጥብ ሳለ ከውስጥ የሚወጣው አየር ቶሎ አይግልም፤ ሲደርቅ ይግላል። ማሽኑም አየሩ ሲግል ልብሱ ደርቋል ብሎ ሰዓቱን ወደ ማብቂያው ይነዳል። የሞቀው አየር መውጫ ካጣ ግን ልብሱ እርጥብ እያለም ውስጡ ይግላል፤ ማሽኑም ተሸውዶ ይቆማል። ከጀርባው ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ቱቦ ፈትቼ፣ ለሙከራ ያህል ያንኑ ልብስ ይዞ እንዲዞር አደረግሁት። ክፍሏ እንደ እንፋሎት መታጠቢያ ሞቀች፤ ልብሱ ግን ደረቀ። ማሽኑም፣ የእማማ ጣትም ከክሱ ነጻ ወጡ። የቀረው ቱቦው ነበር።

ካፖርቴን ደርቤ ወደ ቤቱ ጎን ዞርኩ። ቱቦው በግድግዳው አልፎ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ አየር ሲወጣ የሚከፈት ሳይወጣ የሚዘጋ ትንሽ ክዳን አለ። በረዶውን በእጄ ጠርጌ ስደርስበት ክዳኑ አንድ ወገኑ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ከጣሪያ የወረደ የበረዶ ክምር እንደመታው ያስታውቃል። ከኋላው ያለው ቀዳዳ ደግሞ ተወትፏል። ጣቴን አስገብቼ ጎተትኩ። የዳቦ ላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ዳርና ዳሩ በነጭ ክር ተሰፍቶ፣ ከቀዳዳው ጋር እንዲስማማ ክብ ሆኖ የተሠራ ውታፍ ወጣ። በሥራው ጥንቃቄ ሳልገረም አልቀረሁም። ላስቲኩን ስገልጠው ውስጡ ያለው ከጋቢ የተቀደደ ቁራጭ ነበር። በዚያ ቤት ጋቢ የነበራቸው እማማ ብቻ ናቸው።

ብርዱ ፊቴን እየለበለበኝ ጨርቁን ይዤ ለአፍታ ቆምኩ። ልጅቷ እናቴ የሆነ ነገር ነክታለች ያለችው እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ብናገር እማማ ቲኬታቸውን ለመቀየር ሌላ ምክንያት አያስፈልጋቸውም። ልደብቀው ደግሞ አልችልም፤ ብናኝ የሚጠራቀምበት የጋለ ቱቦ እሳት ያስነሣልና ሁለተኛ እንዳይወተፍ የግድ መናገር ነበረብኝ። ጨርቁን ካፖርቴ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ልጅቷ ሕፃኗን ይዛ ተኝታ ነበር። እማማን በቀስታ ጠራኋቸው፤ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

"እማማ፣ ይህን ያውቁታል?"

አፍረው አንገታቸውን ይደፋሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ተቆጡ።

"ምነው አወጡት? አሁን ብርዱ እንደገና ሊገባ ነው።"

"የት የሚገባው ብርድ?"

"ቤትዎ ቀዳዳ አለው እኮ፣ ጌታዬ። ሰው ቤት ተቀምጦ ቤታችሁ ቀዳዳ ነው ማለት ነውር ሆኖብኝ ዝም አልኩ እንጂ። ከማሽኑ ሥር እየገባ በዚህ በር ሥር አልፎ አራሷ እግር ላይ ነው የሚያርፈው። አራስ ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። እሷን ስነግራት የቤቱ ማሞቂያ፣ ፈርነሱ፣ ይሠራል አለችኝ። እኔ ዞሬ ፈለግሁት፣ አገኘሁት፣ ደፈንኩት።"

"መቼ ወጡ? በዚህ ብርድ?"

"እነሱ ሲተኙ። የአማቼን ካፖርትና የአማቼን ጫማ አድርጌ። ጫማው ሁለት ሰው ይይዛል፤ እየጎተትኩት ሄድኩ።"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቱቦውን መልሼ ገጠምኩ። ድራየሩን አስነሥቼ፣ ካፖርት ደርበን አብረን ወደ ውጭ ወጣን፤ እጃቸውን ይዤ የተሰበረው ክዳን ፊት ለፊት አደረግሁት። ትኩሱ አየር መዳፋቸው ላይ ሲነፍስ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ፤ ከዚያም ቀስ ብለው መለሱት።

"ከልብሱ የሚወጣው እርጥበት በዚህ ነው የሚሄደው" አልኳቸው። "እዚህ ከተዘጋ ተመልሶ ልብሱ ላይ ይቀራል።"

እንፋሎቱ ከጣቶቻቸው መሐል እየወጣ በብርዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይበተን ነበር።

"ማሽኑን ያነቅሁት እኔ ነኛ" አሉ በመጨረሻ። "እውነቷን ነው እንግዲህ።"

አቤቱታ ስመረምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ አንድ ነገር በእውነት የተፈጸመ መሆኑና ጥፋተኛ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለየቅል መሆናቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ክዳኑ ተሰብሯል፤ ብርዱም በእርግጥ ይገባ ነበር። ማናችንም ያላስተዋልነውን እሳቸው ቀድመው አስተውለዋል። የስህተታቸው ምክንያት ቀዳዳው ለምን እንደተሠራ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ልብስ በፀሐይ በሚደርቅበት አገር የኖረ ሰው ግድግዳ ላይ ያለ ክፍት ቀዳዳ የማሽን መተንፈሻ ነው ብሎ የሚያስብበት ምክንያት የለም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ጨምሬም፣ ከፈለጉ ለልጃቸው ክዳኑ ተሰብሮ ነበር ብዬ ብቻ ልናገርና ስለ ጋቢው ዝም ልል እንደምችል፣ ያም ሐሰት እንደማይሆን አስረዳሁ።

"ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው" አሉ። "ተዉት። የሠራሁት እኔ፣ የምነግራት እኔ።"

ወደ ውስጥ ስንገባ ልጅቷ ድምፃችን ቀስቅሷት ሕፃኗን አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እማማ ውታፉን ዘረጉላትና የሆነውን በአጭሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ ነገሯት። የልጅቷ ፊት መጀመሪያ ላይ ተለዋወጠ።

"እሳት ቢነሣስ እማዬ? ቤቢዋ እዚሁ ጎን ነው የምትተኛው እኮ።"

"አላወቅሁም።"

"ለምን አትነግሪኝም?"

"ነገርኩሽ። ብርድ እየገባ ነው ስልሽ ፈርነሱ ሃያ ሁለት ላይ ነው አልሽኝ። ደግሜ ብልሽ እንደ አገር ቤት አታስቢ አልሽኝ። ሦስተኛ ለማለት ፈራሁሽ።"

እኔ ወደ ደረጃው ልሄድ እግሬን ሳነሣ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጋሼ፣ በእውነት ብርድ ይገባ ነበር?" አለችኝ።

"በደንብ ነበር የሚገባው። ክዳኑ ተሰብሯል። እናትሽ እስኪደፍኑት ድረስ የውጩ አየር በቀጥታ በማሽኑ ውስጥ አልፎ ወደዚህ ይመጣ ነበር።"

እግሮቿን አየች። በእያንዳንዱ እግሯ ላይ ካልሲ ደርባለች። "ሌሊት ሌሊት እግሬ ድንጋይ ይሆን ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከመውለዱ ነው ብዬ ነው። ለነርሷም እንደሱ ነው ያልኳት። አንቺ ስትይው ደግሞ... እማዬ፣ አንቺ ስትይው አዎ ካልኩ ሁሉንም ነገር አዎ የምልሽ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሻሽ አስሪ፣ ወገብሽን ታሰሪ፣ ከቤት አትውጪ..."

"ወገብሽንማ መታሰር አለብሽ" አሉ እማማ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እናቷ ሕፃኗን ከእጇ ወሰዱላት፤ ልጅቷም ግንባሯን እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። "የቀደድሽው የምትለብሺውን ጋቢ ነው?" ስትል ሰማሁ። "ጥጉን ብቻ ነው፣ አይታወቅም" አሉ እማማ። መፍቻዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ክዳን ገዝቼ ገጠምኩ፤ ሲዘጋ ንፋስ የማያስገባ፣ ከፕላስቲክ ይልቅ ቆርቆሮ የሆነ መረጥኩ። ቱቦውንም ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። የመጀመሪያው ልብስ ሲዞር እማማ ማሽኑ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ልጅቷ ቅርጫቱን ይዛ ልትገባ ስትል እማማ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቅርጫቱን ሰጥታቸው ሄዳ ተኛች። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቆመ። እማማ አንዲት ትንሽ ሸሚዝ አውጥተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ማጣጠፍ ጀመሩ።

እራት ላይ ባለቤቴን ስለ ቲኬቱ ጠየቅኋት። እማማ እንዲቀየር ከለመኑ ቀናት አልፈዋል፤ ቀኑ ተቀይሮ ከሆነ እንደገና ማስመለስ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ።

"ምኑን አስቀየርኩና" አለች።

"በየቀኑ እየደወልኩ ነው ስትያቸው ነበር እኮ።"

"መስመሩ ተይዟል እያልኳቸው ነበር። በዚህ ከተማ በዚህ ዘመን መስመር ተይዟል ቢባል ማን ይጠረጥራል?"

አቤቱታ መርማሪ ሆኜ በራሴ ቤት ውስጥ ይህን አለማወቄን እንዳትጠቅሰው ሾርባውን አመሰገንኩ።

እማማ ከክርስትናው በፊት የመሄድን ነገር ሁለተኛ አላነሡም። ሰኞ ማለዳ ቢሮ ልሄድ ስወጣ ግን ከቤዝመንቱ ደረጃ ራስ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወገባቸው ላይ ነጠላ አስረዋል፤ በእጃቸው ጨርቅ አልያዙም።

"ጌታዬ፣ በጓሮው በር ሥርም ይገባል" አሉኝ። "አሁን ሳልነካው እየነገርኩዎ ነው።"

ሰዓቴን አየሁ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ተንበረከክሁና እጄን በሩ ሥር አደረግሁ። እውነትም ይገባ ነበር።